የአገር ደህንነት በምን ይሰፈራል?



ሁለት ሰዎች በገበያ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዴት እንደሚጠያየቁ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ደህና ከረማችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ነው? ዝናቡ ጣለላችሁ? አገሩ ሰላም ነው?» ይባባላሉ። ይኼ ሰላምታ የአፍ ልማድ ብቻ አይደለም። ትልቅ ትምህርት አለበት። ጠያቂው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ነው። ቀጥሎ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ እህሉ ይጠይቃል። ስለ አገሩ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይኼ ሁሉ ተደምሮ ነው «ደህና ነን» የሚባለው።

«ደህንነት» የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ «ደህና» ከሚለው ቃል ነው። ነገር ግን «የአገር ደህንነት» ወይም «ጸጥታ» ሲባል የሚታየን ሌላ ነው። ጠመንጃ፣ ወታደር፣ ኬላና ድንበር ይታየናል። ልጁ፣ ከብቱና አዝመራው ከቃሉ ውስጥ ወጥተው ቀርተዋል።

እነዚህን ወደ ቃሉ ለመመለስ የተነሣ ሐሳብ አለ። ስሙ «የሰው ደህንነት» ይባላል። በዓለም ላይ በሰፊው መነገር ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በዚህ ትምህርት የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። መንግሥታት ስለ ጸጥታ ሲመክሩና ገንዘብ ሲመድቡ ይህ ሐሳብ አካሄዳቸውን ለውጦታል ወይ? ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ ቀርቷል?

ጥያቄው የከተማ ሰውና የምሁር ብቻ አይደለም። የስማዳን፣ የጋይንትንና የእስቴን ገበሬ በቀጥታ ይነካዋል። ክፉ ዘመን ሲመጣ በመጀመሪያ የሚሰማው እርሱ ነውና።

1. የቀድሞው ቁና

እህል በቁና ይሰፈራል። የአገር ደህንነትም የራሱ መስፈሪያ አለው። የቀድሞው መስፈሪያ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር። ድንበሩ አልተደፈረም ወይ? መንግሥቱ አልተናወጠም ወይ? ጦሩ ጠንካራ ነው ወይ? የሦስቱም መልስ ጥሩ ከሆነ «አገር ደህና ነው» ይባል ነበር። በድንበሩ ውስጥ ያለው ሰው በልቶ ማደሩን መስፈሪያው አይጠይቅም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ በወሎ የሆነውን አዛውንቶች ያስታውሱታል። ያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአፍሪካ ትላልቅ ከሚባሉት ጦሮች አንዱ ነበረው። በአሮጌው ቁና ሲሰፈር አገር ደህና ነበር። ሰው ግን በየመንገዱ ዳር ይወድቅ ነበር። መንግሥት ረሀቡን ደብቆ ቆየ። ለምን ቢሉ፣ ረሀቡ ከተወራ የመንግሥት ስም ይጠፋል ተብሎ ስለተፈራ ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ረሀቡን ለዓለም አሳየ። በዚያው ዓመት በየካቲት አብዮት ፈነዳ። ንጉሡም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዙፋኑን የጣለው ድንበር ጥሶ የገባ ጠላት አልነበረም። ዙፋኑን ካናወጡት ነገሮች አንዱ ያ የተደበቀ ረሀብ ነው።

ከዚህ አንድ ትምህርት ተገኘ። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ተቋቋመ። ሥራው ድርቅና ረሀብን አስቀድሞ ማወቅና ለተጎዳው መድረስ ነበር። ሆኖም መስፈሪያው አልተለወጠም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ይኸው መሥሪያ ቤት ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለእርዳታ ሰጪ አገሮች ተናገረ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ያን ጊዜ ግን ውሻው ጅቡ ሳይደርስ ጮኾ ነበር፤ የሰማ ጠፋ እንጂ። የውጭ መንግሥታት ዘገዩ። የደርግ መንግሥትም ዓይኑ በሰሜን ጦርነትና በመስከረም 1977 ዓ.ም. በተከበረው በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ ነበር። የዘመኑ መፈክር «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚል ነበር። ሁሉም ነገር ወደ ግንባር ሲሄድ ለጎታው ምን ይቀራል? በዚያ ረሀብ ብዙ መቶ ሺህ ሰው አለቀ።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በእብናት፣ የተራቡ ሰዎች የተሰበሰቡበት መጠለያ ነበር። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በወታደር እየተገደዱ ከመጠለያው እንዲወጡ ተደረገ። ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ወሬው በዓለም ከተሰማ በኋላ መንግሥት ጥፋቱን በአካባቢ ባለሥልጣናት ላይ አደረገ። የተራበ ሰው በወታደር ሲባረር፣ የቀድሞው ቁና እስከ የት እንደሚያደርስ በዚህ ይታያል።

2. አዲሱ ሐሳብ ከየት መጣ?

አማርትያ ሴን የሚባሉ የህንድ ሊቅ አሉ። የወሎን ረሀብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ጽፈውበታል። ያገኙት ነገር የሚያስገርም ነው። በዚያ ዘመን በአገሪቱ ውስጥ እህል ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበር። የደሴ ገበያ ዋጋም እንደሚታሰበው እጅግ አልናረም። ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? ገበሬው አዝመራው ስለጠፋበት የሚበላው አጣ፤ የሚሸጠው ስለሌለውም የሚገዛበት አጣ። እህሉ ገበያ ላይ እያለ እርሱ ግን እህሉ ላይ ለመድረስ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ረሀብ የዝናብ ነገር ብቻ አይደለም። የመንገድ፣ የገበያ፣ የሥራና የመንግሥት ነገርም ነው።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በእኛ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አንድ ሪፖርት አወጣ። ሥራውን የመሩት ማህቡብ ኡል ሐቅ የተባሉ የፓኪስታን የኢኮኖሚ ሊቅ ናቸው። ሪፖርቱ «ደህንነት የድንበር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ጉዳይ መሆን አለበት» የሚል ሐሳብ አቀረበ። የሰውን ደህንነትም በሰባት ከፈለው። ሰባቱን በእኛ አገር ምሳሌ እንያቸው።

ሀ/ የኑሮ ደህንነት፦ ሥራና ገቢ ማግኘት ነው። ጎልማሳው ለአረም ወደ ሑመራና መተማ የሚወርደው ይኼ ስለጎደለው ነው።

ለ/ የምግብ ደህንነት፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የክረምት ጭንቅ በሬ ሳይሸጡ ማለፍ ነው።

ሐ/ የጤና ደህንነት፦ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ገደል ለገደል ስትጓዝ መንገድ ላይ እንዳትሞት ማድረግ ነው።

መ/ የአካባቢ ደህንነት፦ የማሳው አፈር በጎርፍ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ እንዳይሄድ መጠበቅ ነው።

ሠ/ የግል ደህንነት፦ ከመገደል፣ ከመደብደብ፣ ከመታገትና ከመደፈር መዳን ነው።

ረ/ የማኅበረሰብ ደህንነት፦ ሰው በዘሩ፣ በቋንቋው ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይጠቃ ማድረግ ነው።

ሰ/ የፖለቲካ ደህንነት፦ ሐሳቡን በመናገሩ እንዳይታሰርና መብቱ እንዲከበርለት ማድረግ ነው።

እነዚህ ሰባቱ እንደ ቤት ምሰሶ ናቸው። አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ያዘነብላል። ዝርፊያ በበዛበት መንገድ ገበያ አይቆምም። ገበያ ካልቆመ በግ ተሸጦ እህል አይገዛም። እህል ካልተገዛ ልጁ ይታመማል።

3. ሐሳቡ ወደ መንግሥታት ወረቀት ሲገባ

ሐሳቡ ብዙ ወረቀት ውስጥ ገብቷል። የምናየው ዋና ዋናዎቹን ብቻ ነው።

አንደኛው የፈንጂ ውል ነው። እግር የሚቆርጥ የተቀበረ ፈንጂን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ ተፈረመ። ከዚያ በፊት ስለ ጦር መሣሪያ የሚነጋገሩት ጄኔራሎችና ዲፕሎማቶች ነበሩ። በዚህ ውል ግን እግራቸውን ያጡ ሰዎችና ሐኪሞች ጭምር ገፍተው ተሳተፉ። «ፈንጂ ለጦር ይጠቅማል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «በማን እግር ላይ ይፈነዳል?» ተብሎ ተጠየቀ። ኢትዮጵያም ፈርማ በ1997 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ መንግሥት በኅዳር 1995 ዓ.ም. ያወጣው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ነው። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ከባድ ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆነው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠበቀው «ዋናው አደጋ ከድንበር ማዶ ያለው ጠላት ነው» ይላል ተብሎ ነው። ሰነዱ ግን ወደ ውስጥ ተመለከተ። ዋናዎቹ የአገር አደጋዎች ድህነት፣ ኋላ ቀርነት፣ የዴሞክራሲና የመልካም አስተዳደር ጉድለት ናቸው አለ። ይኼ ትልቅ ለውጥ ነው። ችጋር በመንግሥት የደህንነት ሰነድ ውስጥ በጠላትነት ተመዘገበ ማለት ነው።

ሦስተኛው የአፍሪካ ኅብረት በጥር 1997 ዓ.ም. በናይጄሪያ አቡጃ ያጸደቀው የጋራ መከላከያ ውል ነው። ውሉ ስለ ጦርና ስለ ወረራ ቢሆንም የሰውን ደህንነት በትርጉም አስገብቷል።

አራተኛው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጳጉሜን 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ ነው። ሰዎች ሁሉ ከፍርሃትና ከችጋር ነፃ ሆነው በክብር የመኖር መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይኸው ውሳኔ ሁለት ነገሮችን አጥብቆ ተናግሯል። የሰው ደህንነት የመንግሥትን ደህንነት የሚተካ አይደለም። በሰው ደህንነት ስም ኃይል መጠቀምም አይፈቀድም።

4. በሥራ የታየ ለውጥ

ወረቀት እህል አይሆንም። ስለዚህ «በሥራ ምን ታየ?» ብለን መጠየቅ አለብን። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሁላችሁም የምታውቁት ሴፍቲኔት ነው።

ከ1997 ዓ.ም. በፊት አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዝናብ ይቀራል። ባለሥልጣን መጥቶ ይቆጥራል። ከውጭ አገር እርዳታ ይለመናል። እህሉ ተጭኖ በባሕርና በመኪና እስኪደርስ ወራት ያልፋል። ገበሬው እስከዚያ ድረስ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ዶሮውንና በጉን ይሸጣል፤ ቀጥሎ ጊደሩን፣ በመጨረሻ የእርሻ በሬውን ይሸጣል። ጎረቤቱም ያንኑ ስለሚያደርግ የከብት ዋጋ ይወድቃል። እርዳታው ሲደርስ ሰውየው በሕይወት ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥማድ የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢጥልም የሚያርስበት የለም። ስለዚህ እንደገና ተረጂ ይሆናል። እርዳታው ነፍስ ያድናል፤ ኑሮን ግን አያድንም ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈለገ። ያን ጊዜ መንግሥትና እርዳታ ሰጪዎች ይኼ አሠራር እንደማያዋጣ ተነጋገሩ። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አቀፈ። ከደቡብ ጎንደር ስማዳ፣ ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንት፣ እብናትና ሊቦ ከምከም ገብተውበታል።

ልዩነቱ ምን ነበር? ድርቅ እስኪመጣ አይጠበቅም። ተረጂው አስቀድሞ ስሙ ይመዘገባል። በየዓመቱ ለስድስት ወር ያህል፣ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ፣ በሰው አምስት ቀን በወር ይሠራል። ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህል ወይም ይህንኑ ይገዛል ተብሎ የታሰበ ብር ይከፈላል። ሥራው እርከን መሥራት፣ ተራራ መከለል፣ መንገድ መጥረግና ምንጭ ማጎልበት ነው። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ በሽተኞችና ነፍሰ ጡሮች ያለ ሥራ ይደገፋሉ።

እዚህ ላይ የሰው ደህንነት ሐሳብ ሥጋ ለብሷል ማለት ይቻላል። ስም አለው፣ ወር አለው፣ ገንዘብ አለው፣ የተጓደለበት ሰው አቤት የሚልበት ኮሚቴ አለው። በሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦች በችግር ጊዜ ከብታቸውን መሸጥ እንደቀነሱ፣ የሚራቡባቸው ወራትም እንዳጠሩ ጥናቶች አሳይተዋል።

በ2008 ዓ.ም. ከባድ ድርቅ ሲመጣ ልዩነቱ በግልጽ ታየ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእህል እርዳታ አስፈልጎት ነበር። ሰው ተቸግሯል፣ ከብትም አልቋል። ነገር ግን እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልሆነም። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። መንገድ ተሠርቷል፣ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ ሴፍቲኔት ነበር፣ መንግሥትም ከራሱ ካዝና ገንዘብ አውጥቷል። ከሁሉም በላይ ግን በዚያ ዓመት ሰፊ ጦርነት አልነበረም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ጉድለቱንም እንናገር። እህል ሲወደድ ያው ብር የሚገዛው እያነሰ ሄደ። ክፍያው ከወሩ እያለፈ የዘገየበት ጊዜ ብዙ ነው። ገና ያልቻለውን ሰው «ተመርቀሃል» ብሎ ማስወጣትም ነበር። እርዳታ ራሱም ይዘረፋል። በ2015 ዓ.ም. ለተረጂ የመጣ እህል በሰፊው ወደ ሌላ እጅ መግባቱ ስለተደረሰበት የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ እርዳታ ድርጅት በመላው ኢትዮጵያ የእህል እርዳታቸውን ለወራት አቁመው ነበር። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ሆነ።

5. ጠመንጃው ሲመለስ

እስካሁን ያየነው «ሐሳቡ ለውጥ አምጥቷል» የሚያሰኝ ነው። አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እንይ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በአገሪቱ የደህንነት ሰነድ ድህነት ዋና ጠላት ተብሎ ከተጻፈ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ግን መንገድ ተዘጋ፣ ባንክ ቆመ፣ እርሻ ታጎለ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በትግራይ 350,000 ያህል ሰው በጽኑ ረሀብ ላይ እንደሚገኝ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያሉበት ጥናት ገመተ፤ መንግሥት ግን ግምቱን አልተቀበለውም። የጸጥታው ምክር ቤት ረሀብን የጦር መሣሪያ ማድረግን የሚያወግዝ ውሳኔ ያሳለፈው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። ውሳኔው ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ አማራና ወደ አፋር ክልል ዘለቀ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን ያህል ያዙ። በዚያ ወቅት ሴቶች መደፈራቸውን፣ ንብረትና የሐኪም ቤት ዕቃ መዘረፉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተጎዱትን አነጋግሮ ጽፏል። ይኼን ያየ የጋይንት ሰው «የሚጠብቀን ጦር ባይኖር ምን እንሆን ነበር?» ቢል እውነት አለው። የግል ደህንነት ያለ ሕግና ያለ ጠባቂ አይገኝም። የሰው ደህንነት ማለት ጦር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጦሩ የሚጠብቀው ማንን ነው ብሎ መጠየቅ ማለት ነው።

ገንዘቡ ወዴት እንደሄደም እንይ። በጥር 2014 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ከዚህ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ የተመደበ ነው። ከአራት እጅ ሦስት እጅ ማለት ነው። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ለጦሩ ገንዘብ መመደቡ አያስደንቅም። ግን ለእርከንና ለክትባት ዓመታት የሚፈጅ ልመና ሲያስፈልግ፣ ለጥይት ገንዘቡ በአንድ ስብሰባ ይገኛል። በሰነድ ላይ የተጻፈው መስፈሪያና በበጀት ላይ የሚሠራው መስፈሪያ የተለያዩ መሆናቸው እዚህ ላይ ይገለጣል።

የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ዓመት ሳይሞላው በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሥር ወር ቆየ። አዋጁ ካለቀ በኋላም ውጊያው አላቆመም። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ ሆኑ። ሰውን እያገቱ ገንዘብ መጠየቅ በዛ። ውጊያ ባለበት ቦታ ማዳበሪያ በሰዓቱ አይደርስም፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያጣል፣ የሴፍቲኔት ክፍያም ይጓተታል። በ2008 ዓ.ም. ሰውን ያዳኑት መሣሪያዎች ሁሉ ሰላም ሲጠፋ ይዝጋሉ። «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ነጥብ ይህች ናት።

ይኼ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሀብታሞቹ አገሮችም ወደ አሮጌው ቁና እየተመለሱ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጦር ወጪውን ለመጨመር ሲል የውጭ እርዳታውን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከአገሪቱ ገቢ ከአንድ ሺህ እጅ አምስቱ ለእርዳታ ይውል የነበረው ወደ ሦስት ይወርዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ፊንላንድ፣ ፖላንድ፣ ሊትዌኒያ፣ ላትቪያና ኢስቶኒያ ሩሲያን በመፍራት ከፈንጂው ውል ለመውጣት ወሰኑ። የዓለም የጦር ወጪ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ2,700 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድረሱን የስቶክሆልም የሰላም ጥናት ተቋም ቆጥሯል። ፍርሃት ሲመጣ ሁሉም ወደ ለመደው መሣሪያ ይሮጣል።

6. ታዲያ ተለውጧል ወይ?

መልሱ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ቃሉ ተለውጧል። ዛሬ ረሀብን ደብቆ «አገር ደህና ነው» ማለት እንደ 1965 ዓ.ም. ቀላል አይደለም። ችጋር፣ በሽታና ድርቅ የደህንነት ጉዳይ መሆናቸውን መንግሥታት ራሳቸው ፈርመዋል።

ሁለተኛ፣ አሠራሩ በከፊል ተለውጧል። የተለወጠውም ሐሳቡ ስምና ወር፣ በጀትና የአቤቱታ ቦታ ባገኘበት ላይ ነው። ሴፍቲኔት ለዚህ ምስክር ነው። ሐሳቡ በመግቢያና በንግግር ብቻ በቀረበት ቦታ ግን ምንም አልተለወጠም።

ሦስተኛ፣ በጭንቅ ሰዓት የሚሰጠው ውሳኔ አልተለወጠም። ሥልጣን ወይም ድንበር አደጋ ላይ ነው ሲባል ቁናው ወዲያው አሮጌው ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። «ለሰው ደህንነት ነው» የተባለ ሁሉ የሰው ደህንነት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲሰፍር፣ የተነገረው ምክንያት ሕዝቡን ከረሀብ ማዳን ነበር። ብዙው ሰው ግን ተገድዶ ሄደ። ቤተሰብ ተለያየ፤ ቆላውን ያልለመደው በወባ አለቀ። ነገሩ የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው። ሰውየው ራሱ ተጠይቋል ወይ? ይኼ ካልተጠየቀ የሰው ደህንነት የሚለው ቃል ለአሮጌው ሥራ አዲስ ካባ ይሆናል።

7. ማንበብ የቻለ ሰው ምን ያደርጋል?

የአገርን በጀት አንድ ገበሬ አይለውጠውም። ነገር ግን መስፈሪያውን መያዝ ይችላል። ፊደል መቁጠር የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ሀ/ የተረጂ ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት እንዲነበብና እንዲለጠፍ የሴፍቲኔት መመሪያ ሲያዝ ቆይቷል። ዝርዝር ሲለጠፍ ራሳችሁ አንብቡ። የሞተ ሰው ስም አለ ወይ? ደሃዋ መበለት ተጽፋለች ወይ? ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

ለ/ የተቀበላችሁትን ኪሎ ወይም ብር ከነቀኑ በደብተር ጻፉ። አቤት ሲባል «ዘገየብን» ከማለት «የየካቲቱ በሰኔ 10 ደረሰን» ማለት ይበልጣል። ቀን ያለው አቤቱታ አፍ አይዘጋበትም።

ሐ/ ምልክቱን ቀድማችሁ ተናገሩ። የበግ ዋጋ ሲወድቅና የእህል ዋጋ ሲወጣ፣ ጎልማሳው ከወትሮው ቀድሞ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ሴቶች ውኃ ፍለጋ ሲርቁ፣ ጅቡ እየመጣ ነው። ይኼን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ገበሬው ነው።

መ/ ስለ ጸጥታ ስብሰባ ሲጠራ ስለ መሣሪያና ስለ ጥበቃ ብቻ ተነግሮ እንዳይበተን። ምጥ የያዛት ሴት በየት በኩል እንደምትወጣ፣ ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት፣ ዘርና ማዳበሪያ በየትኛው መንገድ እንደሚደርስ ይጠየቅ። እነዚህም የጸጥታ ጥያቄዎች ናቸው። ሴቶችም ይናገሩ፤ የጎታውን ወለል መጀመሪያ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

አሮጌው ቁና «ድንበሩ እንዴት አደረ?» ይላል። አዲሱ ደግሞ «በድንበሩ ውስጥ ያለው ሰው እንዴት አደረ?» ብሎ ይጨምራል። ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው። ሁለተኛው ካልተጠየቀ ግን፣ የመጀመሪያው ብቻውን የት እንዳደረሰን በ1966ም፣ በ1977ም፣ በ2013ም አይተነዋል።

አዳዲስ ቃላት

ፖሊሲ፦ መንግሥት አንድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስንበት መመሪያ።
በጀት፦ ለዓመቱ ሥራ አስቀድሞ የሚመደብ ገንዘብ።
የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ፦ አደጋ ሳይደርስ ምልክቱን አይቶ ማሳወቅ።
አቤቱታ፦ በደል የደረሰበት ሰው የሚያቀርበው ማመልከቻ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከሰባቱ የሰው ደህንነት ክፍሎች በእናንተ ቀበሌ በጣም የጎደለው የትኛው ነው? ለምን?
2. በ1976 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ እርዳታ ለምን ዘገየ?
3. በ1977 እና በ2008 ዓ.ም. ድርቆች መካከል ያለውን ልዩነት ተናገሩ። ልዩነቱ ከምን መጣ?
4. «ጦር ከሌለ እህሉንም ሌላው ይወስደዋል» ለሚል ሰው ምን ትመልሳላችሁ?
5. በቀበሌያችሁ ረሀብ ከመምጣቱ በፊት የሚታዩ ሦስት ምልክቶችን በደብተራችሁ ጻፉ።